ፊሽካውና ለምለሙ ሣር

አማርኛ ለችሎቱም ለሜዳውም አንድ ቃል ነው ያለው፤ ዳኛ። ካባ ለብሶ ወንበር ላይ የተሰየመውም፣ ቁምጣ ታጥቆ ፊሽካ ይዞ የሚሮጠውም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ክርክሩ የመሬት ወሰን ይሁን የቅጣት ምት፣ ከሁለት ተጋጪዎች መካከል ቆሞ «ይህ ያንተ ነው፣ ይህ ያንተ አይደለም» የሚል ሰው ሥራው አንድ መሆኑን ቋንቋው ያውቃል። የፍርድ ቅሬታ ከየት እንደሚመነጭም አበው በአንድ አባባል ደምድመውታል፤ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች። በቅሎ ትልቅ ሀብት ነበረች፤ ጭብጦ ግን በእጅ ተድቦልቡላ የምትጋገር ትንሽ ቂጣ ናት። ሰው ትልቁን ንብረት በሕግ ቢያጣ ይችለዋል፤ ትንሹን በጉልበት ወይም ባልታወቀ ምክንያት ሲነጠቅ ግን አንጀቱ ያርራል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚነሳው ከዚህ ነው። የሜዳ ዳኝነት ተመልካችን የሚያስቆጣው፣ ተጫዋችን ከጉዳት ለመጠበቅ የወጣ ሕግም ተጫዋቹን ራሱን የሚያስኮርፈው፣ ሰው ሽንፈት ስለማይወድ ብቻ አይደለም። ሕጉን ማን እንዳወጣው፣ ትናንት የሠራው ዛሬም ይሠራ እንደሆነ፣ ዳኛውስ በተራው ለማን እንደሚጠየቅ ካልታወቀ ጭብጦዋ ከበቅሎዋ ትከብዳለች። ለዚህ ችግር የሚሆን የቆየ ትምህርት ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተምዕራብ በሚነሳው በጋሞ ደጋ አለ፤ የዱቡሻ ታሪክ።

የነገሩን ክብደት ለማየት በጊዜ የተቀራረቡ ሁለት ክስተቶችን ማስታወስ ይበቃል። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ጨዋታ ላይ ስለ አንዲት ጎል በተነሳ ውዝግብ ዋናው ዳኛ እዚያው ሜዳ ውስጥ ተደበደበ። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የሊጉን ጨዋታዎች በሙሉ ለጊዜው እስከማቋረጥ ደረሰ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም፣ በቡራዩና በአካባቢው በተፈጸመው ግድያ የጋሞ ተወላጆች ሕይወታቸውን አጡ። ሐዘኑ አርባ ምንጭ ሲደርስ በቁጣ የነደደ ወጣት ለበቀል ወደ አደባባይ ወጣ። የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። የጎልን ክርክር ከሰው ደም ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነውር ነው፤ እዚህ የምመዝነው ጉዳቱን ሳይሆን የማስቆም ሥልጣኑን ነው። በአንደኛው ቦታ ፊሽካ፣ ካርድ፣ የታተመ ደንብ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴና የፀጥታ ኃይል እያለ አንድን ሰው ከዱላ ማዳን አልተቻለም። በሌላኛው ቦታ በአባቶቹ እጅ የነበረው ሣር ብቻ ነበር። ሣሩ ብቻውን ተአምር አልሠራም፤ ከኋላው የብዙ ትውልድ ሕግ ነበረው። ያ ሕግ እንዴት እንደተገነባ መመርመር ታዲያ ለሜዳውም ይጠቅማል።

የጋሞ ደጋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በምኒልክ መንግሥት ሥር እስኪገባ ድረስ በአንድ ንጉሥ የሚገዛ አገር አልነበረም። ከጉጌ ተራራ ዙሪያ እስከ ሐይቆቹ ዳርቻ ድረስ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ዲታ፣ ቦንኬ፣ ኦቾሎ፣ ጋንታ እያሉ የሚቆጠሩ፣ አርባ ገደማ የሚደርሱና እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ዴሬዎች ነበሩ። በየዴሬው ካዎ የሚባል መሪ አለ፤ ክብሩ በአብዛኛው ስለ ሕዝቡ መሥዋዕት ከማቅረብ ጋር የተያያዘ ነበር። ሕዝቡን የሚመለከት ጉዳይ ሲመጣ ግን የሚመከረውና የሚወሰነው በዱቡሻ ነው። ዱቡሻ ሸንጎውም ነው፣ ሸንጎው የሚቀመጥበት ቦታም ነው። ብዙውን ጊዜ ያረጀ ዛፍ ጥላ የሚያደርግበት፣ ለመቀመጫ የሚሆኑ ድንጋዮች ያሉበት፣ ማንም ሊያርሰው ወይም ሊያጥረው የማይችል ሜዳ ነው። ስብሰባው በሽማግሌዎች ምርቃት ይከፈታል። ተናጋሪው ተነሥቶ ይናገራል፣ ሌላው ተቀምጦ ያደምጣል፤ ነገሩ ስምምነት እስኪደረስበት ይብላላል እንጂ እጅ ተቆጥሮ ብዙኃኑ አናሳውን አይረታም። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያን ቁልቁል በሚያይ ቋጥኝ ላይ የተሠራችው ኦቾሎ በዚህ ልማዷ ከኢትዮጵያ ውጭ ታውቃለች። ፈረንሳዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) እዚያ ተቀምጦ ያጠናውን በ1983 (እ.ኤ.አ) በመጽሐፍ አወጣው። የጥንት ግሪክ ታሪክ አዋቂው ማርሴል ዴቲየንም በዓለም ዙሪያ የሸንጎ ልማዶችን ለማነጻጸር ባዘጋጀው ሥራ ኦቾሎን ከአቴና አደባባይ ጋር በአንድ ገበታ አቅርቧታል።

ለክርክራችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሕግ በዱቡሻ የሚጸናበት መንገድ ነው። የጋሞ ሰው ወጋ የሚለው የአባቶች ሥርዓት አለው፤ ወጋን መጣስ ጎሜ ነው። ጎሜ ለጥፋተኛው ብቻ የሚቀር ኃጢአት አይደለም። ዝናብ ቢጠፋ፣ ከብት ቢያልቅ፣ ልጅ ቢታመም «ማን ምን አጥፍቶ ይሆን?» ተብሎ ይመረመራል፤ ጥፋቱ ተነግሮ፣ ይቅርታ ተጠይቆና ዕርቅ ወርዶ ካልጸዳ መዘዙ ለሁሉም ይተርፋል ተብሎ ይታመናል። ከዚህ እምነት ውስጥ ሃይማኖታዊውን ክፍል ለጊዜው ብንተወው እንኳ አንድ የማይናቅ የሕግ ሐሳብ ይቀራል፤ የአንድ ሰው ጥፋት የሁሉ ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም የሕጉ ጠባቂ ነው። ሁለተኛው ሐሳብ ደግሞ ሹሙን ይመለከታል። ሃላቃ የሚባለው የዴሬው አገልጋይ በሕዝቡ ተመርጦ፣ ድግስ ደግሶ፣ በሥርዓት ተሹሞ ማኅበረሰቡን እንደ እረኛ ይጠብቃል። ሹመቱ ክብር እንደሚያመጣ ሁሉ ሸክምም ያመጣል፤ ሃላቃው በሹመት ዘመኑ የሚጠብቃቸው ክልከላዎች ከተራው ሰው የበዙና የጠበቁ ናቸው። የዶኮን ባህል ያጠናችው ዴና ፍሪማን በ2002 (እ.ኤ.አ) ባሳተመችው መጽሐፍ ይህ ሥርዓት ባለበት የቆመ ቅርስ እንዳልነበረ አሳይታለች፤ ሰዎች በሸንጎ እየመከሩ የሹመቱን ሥርዓት ከዘመኑ ኑሮ ጋር ሲያስማሙት ኖረዋል። እንግዲህ ሦስት ነገር አገኘን። ሕጉ አስቀድሞ በአደባባይ ይታወቃል፤ ሲያስቸግር በዚያው አደባባይ ይለወጣል፤ የሚያስጠብቀው ሰው ከሁሉ በላይ በሕጉ ይታሰራል።

ዱቡሻ ለዚህ ሐሳብ ብቸኛ ምስክር አይደለም። በሰሜኑ ደጋ ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ አንድ አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ ጠበኞቹ እጃቸውን መሰብሰብ ነበረባቸው፤ ያንን ቃል ረግጦ የተማታ ሰው ጥፋቱ ሁለት ይሆናል። ያው አላፊ አግዳሚ ዳኛ ሆኖ ዛፍ ሥር ሊቀመጥ ይችል ነበር፤ ተሟጋቾቹም በቅሎ ወይም ማር እየተወራረዱ፣ ነጠላቸውን ተቆራኝተው ወደሚቀጥለው ችሎት ይሄዱ ነበር። በደቡብ ኦሞ የሙርሲ ወጣቶች በረጅም ዱላ የሚያደርጉት ግጥሚያ ደግሞ ከሩቅ ላየው ሥርዓት የለሽ ድብድብ ይመስላል። ቀርቦ ሲታይ ግን በዳኞች የሚመራ፣ መግደልን የሚከለክል፣ ተጋጣሚዎቹ የእጅ መከላከያና የቆዳ የቅልጥም መሸፈኛ አድርገው፣ ጭንቅላታቸውንና ገላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚገቡበት ውድድር ነው። ጀግንነትን እጅግ የሚያከብር ማኅበረሰብ ለጀግናው አካል መከላከያ ማበጀቱ፣ ዱላውም ላይ ዳኛ መሾሙ ሊጤን ይገባል። የተጫዋች ደኅንነት ከውጭ የመጣ የዘመናችን ቅንጦት ነው የሚል ሰው እነዚህን ልማዶች ቢመለከት ሐሳቡን ይለውጣል።

እግር ኳስ ራሱም ወደ አገራችን የመጣው ተመሳሳይ ሙግት ተሟግቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። በ1863 (እ.ኤ.አ) የእንግሊዝ ክለቦች ለንደን ላይ ተሰብስበው የጋራ ደንብ ሲጽፉ ትልቁ ጠብ የተነሳው የተቃራኒን ቅልጥም ሆን ብሎ መርገጥ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል በሚለው ላይ ነበር። ብላክሂዝ የተባለው ክለብ ይህ ከተከለከለ የጨዋታው ወኔ ያልቃል ብሎ ከማኅበሩ ወጣ። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ያው ክለብ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት የራግቢ ማኅበር ቅልጥም መርገጥን በራሱ ደንብ ከለከለ። ዳኛውም እንዲሁ ከውዝግብ የተወለደ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ቡድን የየራሱን ተቆጣጣሪ ያቀርብ ነበር፤ እነርሱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ብቻ ከመስመር ውጭ ያለው ሦስተኛ ሰው ይጠየቃል። ሙሉ ሥልጣን ይዞ ወደ ሜዳ የገባው በ1891 (እ.ኤ.አ) ነው። ቢጫና ቀይ ካርድ ደግሞ የመጣው በ1966 (እ.ኤ.አ) የዓለም ዋንጫ የእንግሊዝና የአርጀንቲና ጨዋታ ላይ ዳኛውና ተጫዋቾቹ ባለመግባባታቸው ነው። እንግሊዛዊው ኬን አስተን ከትራፊክ መብራት ቀለም ሐሳቡን ወስዶ፣ ቋንቋ የማይጋሩ ሰዎች ሁሉ በአንድ ዓይን የሚያነቡት ፍርድ አበጀ። ካርድ በዓለም ዋንጫ መጀመሪያ የዋለው በ1970 (እ.ኤ.አ) በሜክሲኮ ነው። በዚያ ውድድር ላይ ኢትዮጵያዊው ስዩም ታረቀኝ ከዳኞቹ አንዱ ነበር። ቶሉካ ላይ ጣሊያንና እስራኤል ያለ ጎል ሲለያዩ የመስመር ዳኛው እርሱ ነበር፤ ጣሊያኖች ያስቆጠሩት ከጨዋታ ውጪ ተብሎ በመሻሩ በአገራቸው ትልቅ ቁጣ ተነሳ። ዝነኛው የጣሊያን ኮሜንታተር ኒኮሎ ካሮዚዮ ዳኛውን በዘሩ ሰድቧል ተብሎ ከብሔራዊ ቡድኑ ጨዋታዎች ተነሳ፤ ከዓመታት በኋላ ቅጂው ሲደመጥ ግን ተናገረው የተባለው ስድብ አልተገኘም። በዳኝነት የሚነሳ ቁጣ ማረፊያ ሲያጣ ዳኛውንም አስተላላፊውንም እንዴት እንደሚበላ ይህ ታሪክ ያሳያል።

በዘመናችን የሕጉና የደኅንነቱ ሙግት ከሁሉ በላይ የከረረው በአሜሪካ ፉትቦል ነው። በ1905 (እ.ኤ.አ) በዚህ ጨዋታ በአንድ የውድድር ዘመን 18 ያህል ወጣቶች እንደሞቱ የቺካጎ ጋዜጣ ቆጥሮ ጻፈ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችን ሰዎች ወደ ዋይት ሐውስ ጠርተው አነጋገሩ። በማግስቱ ዓመት ደንቡ ተሻሻለ፤ ተጫዋቾች ተቆላልፈው በአንድ ጊዜ የሚደረመሱበት የጨዋታ ዘዴ ተገደበ፣ ኳስን ወደ ፊት መወርወርም ተፈቀደ። ዛሬ የዚያ ጨዋታ ውበት ተብሎ የሚወደሰው ረጅም ውርወራ እንግዲህ ከደኅንነት ሕግ የተወለደ ነው። መቶ ዓመት አልፎ ግን ሌላ ጉዳት ተገለጠ። በናይጄሪያ የተወለደው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ በ2002 (እ.ኤ.አ) የአንድን ዝነኛ ተጫዋች አንጎል መርምሮ በተደጋጋሚ ምት የሚመጣ ሕመም አገኘ። የጨዋታው የባለሙያዎች ሊግ መጀመሪያ ግኝቱን ቢቃወምም በ2013 (እ.ኤ.አ) ለቀድሞ ተጫዋቾቹ 765 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ሕጎች ተደራረቡ። በ2018 (እ.ኤ.አ) ራስን አጎንብሶ በሄልሜት መግጨት ተከለከለ፤ ኳርተርባክ በሚባለው ኳስ ወርዋሪ ላይ በሙሉ የሰውነት ክብደት መውደቅም በጥብቅ ይቀጣ ጀመር። ዓላማውን የሚቃወም ጥቂት ነው። ቁጣው የተነሳው አንዱ ዳኛ የቀጣውን ሌላው በማለፉ፣ ተከላካዩም በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ ገላውን ወዴት መጣል እንዳለበት በማጣቱ ነበር። በጥር 2019 (እ.ኤ.አ) በኒው ኦርሊንስ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ግልጽ ጥፋት ሳይፈረድ ሲቀር ሊጉ በችኮላ እንዲህ ያለውን ውሳኔ በቪዲዮ የሚያስመረምር ሕግ አወጣ። ዳኞቹ ግን ውሳኔ መሻር ስላልደፈሩ ሕጉ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ቀረ። ጥሩ ዓላማ ያለው ሕግ ትርጉሙ ከሳምንት ሳምንት ሲለዋወጥ የፍርድን መልክ ያጣል፤ ተቀጪው የተነጠቀ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል። ጨዋታ ድፍረት ነው፤ ደኅንነት እየተባለ ሁሉም ነገር ከተከለከለ ወንድነቱ ይጠፋል ይባላል። አባባሉ በአገራችንም ሥር አለው። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ፤ በዱላ የተመታ ቂም አይይዝም፣ ክስም አያቀርብም። ነገር ግን የገናን ልማድ በጥንቃቄ ካየነው የሚመሰክረው ለእኛ ነው። ቂም አለመያዝ ራሱ ሕግ ነው፤ ወደ ሜዳው የሚገባ ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ጌታውም እንደ ሎሌው ይገዛለታል። ጉዳቱ የሚታገሠው ሕጉ እኩል ስለሆነ ነው። ደግሞም ለአንድ የበዓል ቀን በደስታ የተቀበሉት አደጋ፣ እንጀራው ጨዋታ የሆነ ሰው በዓመት ሠላሳ ጊዜ የሚጋፈጠውን አደጋ አያክልም። የብላክሂዝ ክለብ ታሪክ እንደሚያሳየው ትናንት «ወኔ» ተብሎ የተሟገቱለት ነገር ነገ ተራ ጭካኔ ሆኖ ይታያል። የ1906ቱ (እ.ኤ.አ) የአሜሪካኖቹ ለውጥም ጨዋታን ከሞት ያራቀ ሕግ ጨዋታውን ሊያስውብ እንደሚችል መስክሯል። ድፍረትን የሚያጠፋው ክልከላው አይደለም፤ መቼ እንደሚወድቅብህ የማታውቀው ክልከላ ነው። ወሰኑን የሚያውቅ ተጫዋች እስከ ወሰኑ ድረስ በሙሉ ልቡ ይሄዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጊዜ ይነሳል። ዱቡሻ ቀኑን ሙሉ ይመክራል፣ ያልበሰለውን ለሌላ ቀን ያሳድራል፤ የሜዳ ዳኛ ግን ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ መወሰን አለበት፣ ስለዚህ ንጽጽሩ አይሠራም ይባላል። ተቃውሞው ትክክለኛ የሆነበት ቦታ አለ፤ ፍጹም ቅጣት ምት በሸንጎ አይወሰንም። ነገር ግን ሕግ ማውጣትና በሕግ መፍረድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም የጋሞ አባቶች አርባ ምንጭ ላይ የወሰኑት በደቂቃዎች ውስጥ ነበር፤ ቁጣ የሚነድበት አደባባይ ረጅም ምክር የሚካሄድበት ቦታ አይደለም። ፈጥነው መወሰን የቻሉት፣ ውሳኔያቸውም ወዲያው የተከበረው፣ የሣሩ ትርጉም ከብዙ ትውልድ በፊት ተመክሮበት ስላለቀ ነው። የፈጣን ፍርድ ብርታት ከዘገምተኛ ምክር ይመጣል። የሜዳ ዳኝነታችን ችግር ምክሩ ከውድድሩ በፊትና በኋላ መሆን ሲገባው በውድድሩ መካከል፣ በጩኸትና በግርግር መደረጉ ነው። የቪዲዮ ረዳትም ይህን ጉድለት ብቻውን አይሞላም። ካሜራው እግር የት እንደነበረ ያሳያል፤ የትኛው ንክኪ ጥፋት ነው የሚለውን ግን ሰዎች አስቀድመው ካልተስማሙበት ምስሉ በዝግታ በተደጋገመ ቁጥር ክርክሩ ይብሳል። የኒው ኦርሊንሱ ውዝግብና እርሱን ተከትሎ የወጣው የአንድ ዓመት ሕግ ምስክር ናቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው፣ በቅንነትም መቀበል ይገባል። ዱቡሻ የሁሉ ሸንጎ አልነበረም። ሴቶች በሸንጎው ተሰይመው አይናገሩም ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹ ማና፣ ቆዳ ፋቂዎቹና ብረት ቀጥቃጮቹ ደጋላ፣ ማላ ከሚባለው ባለ መሬት ወገን ተለይተው ከውሳኔ ወንበር ይርቁ ነበር። እጃቸው ያበጀውን የሚጠቀም ሕዝብ ድምፃቸውን አለመስማቱ ግፍ ነው፤ ይህን ሸፋፍኖ ባህሉን ማወደስ ለባህሉም አይበጅም። በተጨማሪም የሃላቃ ሹመት በደርግ ዘመን ዘመቻና በፕሮቴስታንት እምነት መስፋፋት በብዙ ቦታ ተዳክሟል፤ ጎሜን የሚፈራ ሰውም እንደ ጥንቱ አይደለም። ታዲያ እንዲህ ካለ ሥርዓት ምን እንማር? መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የዱቡሻ ጉድለት የራሱን መርሕ ያጸናል። በሕግ ማውጣቱ ያልተሳተፈ ሰው ሕጉን የራሱ አድርጎ ሊያየው አይችልም፤ የማናና የደጋላ ቅሬታ ምንጩ ይኸው ነው፣ የተጫዋቹና የደጋፊው ቅሬታም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል። ሁለተኛ፣ ሜዳው ከጥንቱ ሸንጎ ሊሰፋ እንደሚችል አይተናል። የጅማዋ ተወላጅ ሊዲያ ታፈሰ ለ2015ና ለ2019 (እ.ኤ.አ) የሴቶች ዓለም ዋንጫ ዳኛ ሆና ተመርጣለች፤ ባምላክ ተሰማም ለ2018ቱ (እ.ኤ.አ) የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር። ከዱቡሻ የምንወስደው የወንበሩን አደላደል አይደለም፤ ሕግን በአደባባይ የመተሳሰሪያ ቃል የማድረግ ጥበቡን ነው። ጎሜን የማያምን ሰው እንኳ የአንድ ደጋፊ ድንጋይ መላ ከተማውን እንደሚያስቀጣ ያውቃል፤ ስታዲየም ሲዘጋ፣ ነጥብ ሲቀነስ፣ ጨዋታ ያለ ተመልካች ሲደረግ የአንዱ ጥፋት የሁሉ ዕዳ ይሆናል።

የመጨረሻው ተቃውሞ በየመንደሩ የሚሰማው ነው። ይህ ሁሉ የሕግ ፍልስፍና ምን ይሠራል፣ ችግሩ ዳኞች ማድላታቸው ነው ይባላል። የሚያደላ ዳኛ የለም ብሎ መከራከር አይቻልም፤ በችሎትም በሜዳም ይኖራል። ሆኖም ዱላ ያዳላውን ዳኛ ካላዳላው አይለይም። ዳኛ የተደበደበበት ሜዳ በሚቀጥለው ሳምንት ቅን ዳኛ አያገኝም፤ የሚመጣው ወይ ፈሪ ነው፣ ወይ ከጉልበተኛው የተስማማ ነው። ስለዚህ ዳኛን መምታት አድሎን ያራባል እንጂ አይቀጣም። የጋሞ ሥርዓት ለዚህ የተለየ መልስ ነበረው፤ ሃላቃውን ከሁሉ በላይ በሕግ ማሰር። የተሾመው ሰው ተራው ሕዝብ የማይጠየቀውን ይጠየቃል፣ ካጠፋም ጥፋቱ በአደባባይ ይነገራል፣ ይቅርታውም በአደባባይ ይጠየቃል። በኛ የኳስ ዓለም የዳኛው ሪፖርት፣ የጨዋታ ኮሚሽነሩ ግምገማና የቅጣት ውሳኔው በአብዛኛው በፋይልና በቢሮ ያልቃሉ። ደጋፊው የሚሰማው የፊሽካውን ድምፅ ብቻ ነው፣ ምክንያቱን አይሰማም። ዳኛው ተሳስቶ ከሆነ ስህተቱ ሲታመን አያይም፤ ትክክል ከሆነም ለምን ትክክል እንደሆነ የሚያስረዳው የለም። ባዶውን የሚሞላው ወሬ ነው፤ ወሬም በካሮዚዮ ላይ እንደሆነው የሌለ ስድብ ይፈጥራል።

አርባ ምንጭ ይህን ለማረም ከብዙ ከተሞች የተሻለ መነሻ አላት። ከተማዋ በ1950ዎቹ ዓ.ም ከጨንቻ ቁልቁል ወርዳ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ እንድትሆን የተቆረቆረች ናት፤ ከደጋው የወረደው ዶርዜና ዶኮ፣ ከሌላ አገር የመጣው ነጋዴ፣ ተማሪና ሠራተኛ ተቀላቅሎ የሚኖርባት ናት። አዞዎቹ የሚባለው የአርባ ምንጭ ከተማ ክለብ ሲጫወት ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ስታዲየም ይሰበሰባል። ከዱቡሻ ወዲህ በዚህች ምድር ይህን ያህል ሰው ለአንድ ጉዳይ በመደበኛነት የሚገናኝበት ቦታ ጥቂት ነው። የውድድሩ ዘመን ከመከፈቱ በፊት የክለቡ አመራር፣ ተጫዋቾቹ፣ የደጋፊ ማኅበሩ፣ የዞኑ ዳኞች፣ አባቶችና እናቶች በአንድ አደባባይ ቢቀመጡ፣ በዓመቱ የተለወጠው ደንብ በሚገባቸው ቋንቋ ቢነበብላቸው፣ ለምን እንደተለወጠም ተጠይቆ ቢመለስ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ለምን መቀየር እንዳለበት፣ ከኋላ የሚደረግ አደገኛ ሸርተቴ ለምን ቀይ ካርድ እንደሚያሰጥ ቀድሞ የሰማ ደጋፊ፣ ያ ካርድ የራሱን ልጅ እግር የሚጠብቅ መሆኑን ያውቃል። በዓመቱ መጨረሻም ዳኞቹ በዚያው ቦታ ተገኝተው ያከራከሩ ውሳኔዎቻቸውን ቢያስረዱ፣ የተሳሳቱትንም ተሳስተናል ቢሉ ክብራቸው አይቀንስም። በጋሞ ልማድ ጥፋቱን በአደባባይ የተናገረ ሰው ወደ ወገኑ የሚመለሰው ነጽቶ ነው።

ይህ ሲሆን ሽንፈት አይቀርም፤ አጠራጣሪ ጎልም፣ ያልታየ ጥፋትም በየሳምንቱ ይኖራሉ። ሰው የሚዳኘው በሰው ነውና ፍጹም ፍርድ አይገኝም። የሚለወጠው የተሸናፊው ቁጭት ዓይነት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም ከአርባ ምንጭ አደባባይ ወደ ቤቱ የተመለሰው ወጣት ሐዘኑ አልቀለለለትም፣ ጥያቄውም አልተመለሰለትም ነበር። የተመለሰው በፊቱ የተንበረከኩት አባቶች ከእርሱ የማይፈልጉትን ለራሳቸው እንደማይፈቅዱ፣ የያዙት ሣርም የእነርሱ ብቻ ሳይሆን የእርሱም መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ፊሽካም እንዲህ ያለ የጋራ ንብረት እስኪሆን ድረስ ደንብ ቢበዛ፣ ካሜራ ቢጨመር፣ ፖሊስ ቢደረደር ቅሬታው አይበርድም። የሆነ ዕለት ግን ተሸናፊው ከስታዲየሙ በር ሲወጣ በቅሎውን አጥቶ እንኳ ድንጋይ ሳያነሳ ይሄዳል፤ በፍርድ እንዳጣት ያውቃልና።